የመግቢያ ደብዳቤው መጣ፤ የእናቴን ሱቅ ግን ለመሸጥ አልቻልኩም

የደቻቱ ልጅ (ሐምሌ 14፣ ምሽት)

ጤና ይስጥልኝ የድሬና የሐረር ልጆች። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን የሚመክረኝ ሰው ስላስፈለገኝ ጨክኜ ለጥፌዋለሁ።

በውኃ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አማካይ ውጤቴ 3.4 ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ተቀጥሬ ውሎዬ ከጉድጓድ ውኃ ጋር ነው፤ የፓምፕ ንባብ እመዘግባለሁ፣ ናሙና እቀዳለሁ። በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሆኖ የሚጋገረውን ነገር መጠኑን በቁጥር አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ስኮላርሺፕ ግን አይደለም። ለቪዛ በስሜ በተከፈተ ዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ አለብኝ። በብር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር፤ አርፏል። ቤታችን የቆመው እናቴ ቀፊራ ገበያ ባላት ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለሱቁ ገዢ አግኝቷል። እናቴም «ሽጡት፣ ልጄ ትማርበት» ብላለች። ይህን ስትል ሚዛኑን እየወለወለች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለምን ውኃ እንዳጠናሁ የድሬ ሰው ይገባዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለሐምሌ 30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እኔን አዝላ፣ ወንድሜን በእጇ እየጎተተች ወደ ከፍታው ስትወጣ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የውኃ ድምፅ አልነበረም፤ በውኃው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ነበር። በዚያ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ውኃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እኛ ሰፈር ግን እየመጣ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። እኔ መማር የምፈልገው ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በስንት ሰዓት እኛ ዘንድ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላት ነው።

ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ? ብጠብቅስ ምን እያደረግሁ?

ሳቢያን ማዶ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ብሆን እሸጣለሁ። ሱቅ ተመልሶ ይገዛል፣ ዕድሜ ግን አይመለስም። ዛሬ ያልሄድሽ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትዳርም ልጅም ይይዝሻል። እናትሽ እሺ ካሉ ምርቃታቸውን ተቀብለሽ ሂጂ።

ከዚራ ጥላ

ከጀርመን ተመልሼ ድሬ መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ፤ ትንሽ ባረዝመው አትቀየሚኝ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ምን እንደሆነ ይለይልሽ። 11,904 ዩሮው ክፍያ አይደለም፣ ያንቺው ገንዘብ ነው። ሒሳቡ ዝግ የተባለው በአንድ ጊዜ እንዳታወጪው ነው፤ እዚያ ስትደርሺ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሻል። ቪዛው ቢከለከል እንኳ የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ዓመት ነው። ገንዘቡ የአንድ ዓመት፣ ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽን ስታሳድሺ ለሚቀጥለው ጊዜም መተዳደሪያ እንዳለሽ ማሳየት ይኖርብሻል። «ሠርቼ እሸፍናለሁ» ይባላል። ለተማሪ የተፈቀደው ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው፤ በእኔ ጊዜ 120 ነበር። ከ992ቱ ላይ የጤና መድን ብቻውን ከመቶ ዩሮ በላይ ይወስዳል፣ የቤት ኪራዩን አንቺው ጨምሪበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጀርመንኛ ያልያዘ ሰው የሚያገኘው ሥራ ጉልበት ነው።

የእኔን ልንገርሽ። ገንዘቡን ያገኘሁት ከአጎቶቼ ተበድሬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ የመጀመሪያው ባቡር እስኪመጣ ጣቢያው ላይ ቆሜ የስታቲስቲክስ ማስታወሻዬን አነባለሁ፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ገጹን መግለጥ ያቅታቸዋል። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እዚያ አንድን ፈተና የምትወስጂበት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በእኛ ደንብ ሦስተኛውን የወደቀ ከትምህርት ክፍሉ ጨርሶ ይሰናበታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፍኩ። ነገር ግን የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ፤ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩትም አገር ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የእኔ አጎቶች ብሩ ባይመለስላቸውም ጦማቸውን አያድሩም ነበር። እናትሽ ከሱቁ ሌላ ምን አላቸው? ሱቁ በተሸጠ በስድስተኛው ወር ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት የሚላክ ገንዘብ የሚጠበቀው ካንቺ ነው። በተማሪ ቪዛ፣ በመጋዘን ሥራ። አትሽጪ። የምልሽ አትሂጂ አይደለም፤ በዚህ መንገድ አትሂጂ ነው።

ከጁገል እስከ ሉቨን

የሐረር ልጅ ነኝ፤ አሁን ቤልጅየም ሉቨን ከተማ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው፣ በስኮላርሺፕ። ከዚራ ጥላ ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ብትጠብቂ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ነው።

አንቺ እኮ ለስኮላርሺፕ በትክክለኛው ጊዜ ላይ ነሽ። የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ ሁላችንም ዳአድ የምንለው፣ ኤፖስ በሚባለው መርሐ ግብሩ ከታዳጊ አገሮች ባለሙያዎችን ይወስዳል። የሚጠይቀው ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድና ከስድስት ዓመት ያልበለጠ ዲግሪ ነው። አንቺ ሁለቱንም ታሟያለሽ። ሦስት ዓመት ከዘገየሽ ግን ዲግሪሽ ያረጅብሻልና እሱን አስቢ።

ሁለተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ መርሐ ግብሮች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ድሬስደን፣ ዴልፍት፣ ባርሴሎናና ሊዩብሊያና ያሉ ተቋማት በጋራ ሲሰጡት የቆዩት የጎርፍ አደጋ አስተዳደር የሚባል አለ። ስሙን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ለሚቀጥለው ዙር ማመልከቻ ይቀበሉ እንደሆነ ገጹን ከመስከረም ጀምረሽ ተከታተዪ። የእኔው የፍሌሚሽ፣ ማለትም የሰሜን ቤልጅየም፣ ዩኒቨርሲቲዎች ስኮላርሺፕ ነው፤ እሱም ለእኛ አገር ሰው ክፍት ነበር፣ የውኃ ትምህርትም አለው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ዓመት አመልክቼ ከሁሉም ቦታ ተመለስኩ። ውጤቴ ጥሩ ነበር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዬም ጥሩ ነበር። የወደቅሁት በማመልከቻ ደብዳቤዬ ነው። አንድ መምህሬ አነበቡትና «ይህን ደብዳቤ ስሟን ብቻ ቀይራ ማንኛዋም ልጅ ልትልከው ትችላለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሀገሬ ዕድገት የበኩሌን አስተዋፅኦ ለማበርከት» ብዬ ነበር የጀመርኩት። በሁለተኛው ዓመት የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ዘመን እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ቢጫ ጄሪካኖቻችንን ለወረፋ ስትደረድር የነበረውን ጻፍኩ፤ ከዚያ ቀጥዬ ሐይቁ የደረቀበትን ምክንያት፣ እኔ ያልገባኝ የትኛው ክፍል እንደሆነና ያንን የሚያስተምረው ኮርስ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠቀስኩ። ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ።

አንቺ ደብዳቤሽን ጽፈሽ ጨርሰሻል። ከላይ ያለው አራተኛው አንቀጽሽ ነው።

ባቡር ሰፈር

እኔ ከዚራ ጥላን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ መጥቶ ነበር። እህቴ በ2015 ተመሳሳይ ደብዳቤ ነበራት። «ስኮላርሺፕ ትጠብቅ» ብለን ከለከልናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያጠራቀምነው ገንዘብ በእጃችን እያለ እኩሌታው ሆነ። እህቴ አልሄደችም። ዛሬም አንዳንድ ማታ ምግብ እየበላን ዝም ስትል ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ።

መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ ማንም አይቆጥረውም።

ሌላው፣ ጀርመን የሚኖር ቅርብ ዘመድ ካላችሁ በዝግ ሒሳቡ ፈንታ እሱ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ ወጪዋን እችላለሁ ብሎ መፈረም ይችላል። ሱቅ ሳይሸጥ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። ጠይቂ።

ከዚራ ጥላ

ባቡር ሰፈር፣ ስለ እህትህ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ መጠበቅ ዋጋ አለው ማለትህም ልክ ነው። ለዚህ ነው የምትጠብቅበት ጊዜ መጨረሻው መታወቅ ያለበት፤ አንድ የማመልከቻ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት። ስለ ዘመድ ዋስትና አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚፈርመው ሰው በሕግ ተጠያቂ ይሆናል፤ መንግሥት ለእሷ ያወጣው ወጪ ካለ ከእሱ ያስመልሳል። ገቢውም ታይቶ ነው የሚፈቀደው። ዘመድን ይህን ሳይነግሩ ማስፈረም ነውር ነው።

የሰነድ ሰው

ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሁላችሁም ስለ ገንዘብ አወራችሁ፤ እኔ ግን ብዙ ልጅ ሲቀር ያየሁት በወረቀት ነው።

እህቴ፣ ዋናው ትራንስክሪፕትሽ በእጅሽ አለ? የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልከፈልሽ ወይም የክፍያ ሁኔታውን ካላጠናቀቅሽ ዋናው ዲግሪና ወደ ውጭ የሚላከው ትራንስክሪፕት አይሰጥሽም፤ በጊዜያዊው ብቻ ነው የምትቆዪው። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው መጥቶ በመስኮታችን የሚያለቅስ ልጅ በየዓመቱ አይቻለሁ። ነገ ጀምሪው።

ስምሽን ደግሞ አንድ በአንድ አመሳክሪ። የስምንተኛ ክፍል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የዲግሪና የፓስፖርት ወረቀቶችሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና የላቲን ፊደሉን ፊደል በፊደል አስተያዪ። እኛ በአማርኛ አንድ አድርገን የምንጽፈው ስም በላቲን በአንዱ ወረቀት በአንድ፣ በሌላው በሁለት ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ እነሱ ዘንድ ሁለት ሰው ነው። የትውልድ ቀንሽም እንዲሁ። አንዱ ወረቀት መስከረም 12 ቀን 1991ን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ያስቀምጠዋል፣ ፓስፖርቱ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1998 ይላል። አንዲት ልጅ በዚህ ብቻ ከፍርድ ቤት ማረጋገጫ ስታመጣ ሁለት ወር አልፎባታል።

የአባት ስምም አለ። እነሱ የቤተሰብ ስም ሲሉ ፓስፖርትሽ ላይ የትኛው እንደተቀመጠ አይተሽ በሁሉም ማመልከቻ ላይ ያንኑ ድገሚ። ዛሬ በአባት ስም፣ ነገ በአያት ስም እንዳትጽፊ።

የደቻቱ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ጋሼ ከዚራ ጥላ፣ ስለ ጣቢያው ያሉትን ለወንድሜ አነበብኩለት፤ ብዙ ዝም አለ።

የሰነድ ሰው እንዳሉት ወረቀቶቼን ማታ ዘረጋኋቸው። የአባቴ ስም በዲግሪዬ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁትም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። 3.4 በጀርመን ስንት ነው? ደግሞስ አሁን ካልሄድኩ ይህ የመግቢያ ደብዳቤ ይቃጠላል?

ከዚራ ጥላ

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከፍተኛው ከሚቻለው ውጤት ያንቺን ትቀንሻለሽ፤ 4 ሲቀነስ 3.4፣ 0.6 ነው። ያንን ከፍተኛው ከማለፊያው በሚበልጥበት ታካፍያለሽ፤ 4 ሲቀነስ 2 ሁለት ነውና 0.3 ይወጣል። በሦስት አባዝተሽ አንድ ስትጨምሪ 1.9 ይሆናል። እዚያ 1 ከሁሉ የሚበልጠው፣ 4 ማለፊያው ነው። 1.9 ጥሩ ውጤት ነው፣ ብዙ መርሐ ግብር 2.5 ላላቸው ይከፈታል። በዚህ አትጨነቂ።

ስለ ደብዳቤው፣ ዛሬውኑ በትሕትና ጻፊላቸው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ቦታውን ለቀጣዩ ዓመት ያቆይልሻል፤ ሌላው እንደገና አመልክቺ ይላል። እንደገና ማመልከትም ቢሆን ያለፈው ደብዳቤ በጎ ምስክር ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናሽ አይልትስ ከሆነ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ቀኑን ተመልከቺ፣ ለዚያ ብለሽ እንደገና አዲስ አበባ እንዳትመላለሺ።

ታላቅ እህት ከገንደ ቆሬ

በመሐል አንድ ነገር። ሰው ጭንቅ ላይ መሆኑን ሲያይ የሚመጣ ደላላ አለ። እኔ «ቪዛው በእጅ ነው» ላለኝ ሰው ከፍዬ የመጣልኝ የመግቢያ ደብዳቤ ሐሰተኛ ነበር። ሐሰት መሆኑን ያወቅሁት ኤምባሲው በር ላይ አይደለም፤ ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ ፊት ቆሜ ነው። ማመልከቻሽን ራስሽ ጻፊ፣ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ።

የቀፊራ እናት

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው የልጄን ስልክ ይዤ ነው። እኔም ቀፊራ ነው የምውለው። እናትሽን አላውቅም ይሆናል፣ ግን አውቃለሁ። ለልጄ ወርቄን ሸጬ ነበር፤ አልጸጸትም። ወርቅ ግን ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ሱቅ ሌላ ነው። ጠዋት የምነሣለት ነው። ደንበኛ «እንዴት አደርሽ» የሚለኝ እዚያ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሱቁ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

እናትሽ እሺ ያለችሽ እናት ስለሆነች ነው። ሱቁን ስለመሸጥ አትጠይቂያት። ሱቁ ከተሸጠ በማግስቱ ጠዋት ወዴት እንደምትሄድ ጠይቂያት።

የደቻቱ ልጅ (ሐምሌ 30)

እማማ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ትናንት ሱቅ ስትዘጋ ሄጄ አብሬያት ቆጠርኩ፤ እርዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ኮረሪማውን። ከዚያ ጠየቅኋት። እጇን ጆንያው ውስጥ እንዳደረገች ቆየች። «ወዴት እሄዳለሁ» አለች፤ ለእኔ መልስ አልነበረም፣ ራሷን ነበር የጠየቀችው።

ሱቁ አይሸጥም። ወንድሜ ለገዢው ነግሮታል። ለዩኒቨርሲቲው ጽፌ ለቀጣዩ ዓመት እንደገና አመልክቺ ብለውኛል፤ ያመለከትኩባቸው ሰነዶች እንደሚያገለግሉም ነግረውኛል። የአባቴን ስም ለማስተካከል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የወጪ መጋራቱን ከደመወዜ ላይ ጨርሼ እከፍላለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ጊዜ ሁለት የማመልከቻ ዙር ነው።

ዛሬ ሐምሌ 30 ስለሆነ ከሥራ ስመለስ በደቻቱ ድልድይ በእግሬ አለፍኩ። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቤት ገብቼ የደብዳቤዬን መጀመሪያ ጻፍኩ፦

«የተወለድኩት አብዛኛውን ዓመት ውኃ በሌለበት ወንዝ ዳር ነው። በሰባት ዓመቴ ወንዙ በአንድ ሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው ገደለ። ዛሬ በዚያው ከተማ የጉድጓድ ውኃ ከፍታ እለካለሁ፤ ደጋው ላይ የሚዘንበውን ዝናብ ግን ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት አላውቀውም። መማር የምፈልገው በዝናቡና በጎርፉ መካከል ያሉትን ሰዓታት ነው።»

እህቴ ከሉቨን፣ ታርሚልኛለሽ?

ከጁገል እስከ ሉቨን

«ብዙ ሰው» የሚለውን አውጪና ቁጥሩን አስገቢ። የድንጋዩን ድምፅ ደግሞ ለምን ተውሽው? መልሽው። የቀረውን አትንኪው። ሁለተኛውን አንቀጽ እሑድ ላኪልኝ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ነፃ ነኝ።